ዳዊቱ የማን ነው?

ሰኞ
ከክፍል ስወጣ አባዬ ደወሉ። «ልጄ፣ አንድ ሰው መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን ዳዊት ገዝቼዋለሁ ይላል። ስልክ ያሳየኛል። ነይልኝ እስቲ።» ባጃጅ ይዤ በረርሁ።

አባዬ መሪጌታ ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለችው ደብራችን ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ዳዊቱ ብራና ነው፤ ስንት ልጅ ንባብ ያስተማሩበት።

ሰውዬው ቢኒያም ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ። ፊቱ የዋህ ስለሆነ መቆጣት እንኳ አልቻልሁም። በኢንተርኔት የገዛውን የባለቤትነት ማረጋገጫ አሳየኝ። የዳዊቱ ፎቶ አለበት፤ በብሎክቼን ተመዝግቧል። «መቼም የማይፋቅ መዝገብ ነው» አለ። ኮሌጅ የማስተምረው ይህንኑ ስለሆነ «እስከ ነገ ይታገሱኝ» አልሁት።

አባዬ ምሳ አበሉት። ሰው ጾሙን አይከራከርም አሉ።

ማክሰኞ
መዝገቡ ላይ ቀዳዳ ፈለግሁ፤ የለም። ከተመዘገበ ወዲህ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ውሸቱ የገባው ገና ሲመዘገብ ነው። ጎብኚ መስሎ የመጣ አንድ ሰው ፎቶ አንሥቶ «የእኔ ነው» ብሎ አስገባው። ማሽኑ ማንን ይጠይቅ? የነገሩትን ውሸት አጥብቆ ይጠብቃል፣ አለቀ።

ለቢኒያም ነገርሁት። ፊቱ ቀላ።
«ታዲያ እኔ የገዛሁት ምንድን ነው?»
«ገዝቻለሁ የሚል ጽሑፍ።»
«የእናንተስ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለ።
አባዬ ፈገግ አሉ። «እኛም የማይፋቅ መዝገብ አለን። ነገ ይምጡ።»

ረቡዕ
አባዬ ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጡ። መጨረሻው ቅጠል ላይ የደብራችን ስም፣ ከሥሩ ውግዘቱ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን። በኩራት አነበቡት።

ቢኒያም አስፈቅዶ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ አዘነበለው። «መሪጌታ፣ እዚህ ሥር ሌላ ጽሑፍ አለ እንዴ?»

አለ። ስማችን ያለበት ቦታ ብራናው ሳስቷል፤ በቢላ ተፍቋል። አባዬ መነጽራቸውን ወልውለው የድሮውን ቀለም ፊደል በፊደል ለቀሙት። ዱርቤቴ አካባቢ ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው።

«ለካ የፋቅነው እኛው ነን» አሉ። ጾሙ ሲፈታም እህል አልቀመሱም።

ዓርብ
ትናንት አንድ የሚያሳፍር ነገር ተናገርሁ። «ዝም ብንልስ? ማን ያውቃል?» አልሁ። አባዬ ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። «አንቺ የኮምፒውተር ደኅንነት አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?» ሲስቁ ስላየሁ ቀለለኝ።

ለደብሩ አስተዳዳሪ ነገሩ። ዛሬ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። «ከአያቶቻችን የተረከብነው ነው!» ብለው የተቆጡ ነበሩ። አባዬ ቅጠሉን ለብርሃን ሰጥተው አሳዩአቸው። ከዚያ «በሉ፣ ውግዘቱን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ?» አሉ። የሚያነብ ጠፋ።

ይመለስ ተባለ!

እሑድ
ትናንት በቢኒያም መኪና ዱርቤቴ ሄድን። «የእኔ ባይሆንም ልሸኘው» ብሎ ነው አዲስ አበባ ሳይመለስ የቀረው። ሻጩን ሊከስ ነው። ማረጋገጫው አሁንም ስልኩ ላይ አለ፤ አይሰረዝማ! መንገዱን ሁሉ በዚያ ስንስቅ ደረስን።

የቤተ ክርስቲያኗ ቄስ ሽማግሌ ናቸው። ዳዊቱን ተሳልመው እንባቸው መጣ። «አውሰናል ሲባል እንሰማ ነበር፤ ለማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጠፋ» አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዱ ዲያቆን የእኛን ስም ልፋቀው ቢል አባዬ እጁን ያዙት። «ከእንግዲህ አይፋቅም። ከሥሩ ተመለሰ ተብሎ ይጻፍ።» ተጻፈ።

ልንወጣ ስንል ቄሱ አባዬን ያዟቸው። «መጽሐፉስ መጣ፤ ንባብ የሚያስተምርልን ነው የጠፋው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቢመጡልንስ?»

«እናያለን» አሉ አባዬ።

ጉልበታቸው ያሳስበኛል፤ መንገዱም ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ የዱርቤቴ መኪና ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?