ከምልክቱ መሃል ያለው አይታይም

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999

ካዛንቺስ ከታክሲ ወርጄ ቢሮ እስክደርስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። መብራት ግን አለ፣ ተመስገን።

ሻይዬን ሳልጨርስ ጋሽ መብራህቱ፣ የጋዜጣችን አዘጋጅ፣ «መነን፣ ከዛሬ ጀምሮ የምክር ዓምድሽን ድረ ገጹ ላይ የምትለጥፊው ራስሽ ነሽ» አለኝ። እኔ? ሜሴጅ ለመላክ የእህቴን ልጅ የምጠራው እኔ?

ድረ ገጹን የሠራልን ታዲዎስ አጠገቤ ተቀምጦ አሳየኝ። «ፍላሽ» በሚሉት ፕሮግራም የተሠራ ነው፤ ፊደሉ እየተንሳፈፈ ይገባል፣ ፎቶው እንደ መጋረጃ ይገለጣል።

«እሱን አትነኪውም። ይቺን የጽሑፍ ፋይል ብቻ። በኖትፓድ ትከፍቻለሽ፣ ጽሑፍሽን ትጨምሪያለሽ፣ ዩኒኮድ ብለሽ ሴቭ፣ ትልኪያለሽ። በቃ።»

«በቃ?»

«ሽሮ ከመሥራት ይቀላል፣ እትዬ መነን።»

«ብሳሳትስ?»

«ገጹ ድርግም ይላል።» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ፋይሉ አናት ላይ ለራሱ የጻፋት ማስታወሻ አለች፣ ገጹ ላይ ግን የለችም። ለምን? በሁለት ምልክቶች መሃል ስላለች ነው አለኝ። ከምልክቱ መሃል ያለው አይታይም። ጥሩ ነገር…

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

ሠራሁት! ብቻዬን!  ፊደሎቼ እየተንሳፈፉ ገቡ። ቢሮውን በሙሉ ጠርቼ አሳየሁ።

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከላንቻ አንዲት ሴትዮ የላከችው ነው። በአካል አላውቃትም፣ በስልክ ሁለቴ አውርተናል። ባሏ ይመታታል። ልጇ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ተፈትና በጨረሰች ማግስት፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ፣ ይዛት ትጠፋለች። ልንገረው ወይስ ዝም ብዬ ልሂድ? ነው ጥያቄዋ። «ለነፍስ አባትሽም እንዳትነግሪ» ብዬ መለስኩላት። በዓምዱ ላይ ስሟን ቀየርኩ፣ ላንቻን ጎፋ አደረግሁት፣ የምትሄድበትን ቀን አወጣሁት።

እንደ ልማዴ ግን ከደብዳቤው አናት እውነተኛ ስሟን ከነአባቷ፣ ስልኳን፣ ቀኑን ጻፍኩ። በወረቀት አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የምሠራው፤ ታይፒስቷ ትዘለዋለች። ሰው ጉዱን ነግሮኝ ሲያበቃ ሲደውል «ማን ልበል?» ማለት አልወድም። አሁን ደግሞ የታዲዎስ ምልክቶች አሉልኝ፤ በመሃላቸው አስገባሁት። ገጹን አየሁ፣ ስሟ የለም። ደግሜ አየሁ። የለም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 16

እግዚኦ።

አዲሱን ደብዳቤ ከድሮው ሥር ጨምሬ ላክሁ። ገጹ አልቀየር አለ። ታዲዎስ ጋ ደወልኩ። «ኮምፒውተርሽ የድሮውን ይዞ ነው። አድራሻው ላይ የፋይሉን ስም ጨምሪና ኢንተር በይ፣ አዲሱ መግባቱን ታያለሽ» አለኝ።

ነጭ ገጽ መጣ። የሚንሳፈፍ የለ፣ መጋረጃ የለ። የጻፍኩት ሁሉ ራቁቱን። ስሟ… ስልኳ… ቀኑ።

«ታዲ፣ ይሄን እኔ ብቻ ነኝ የማየው?»

«አድራሻውን የጻፈ ሁሉ ያየዋል። ምን ጻፍሽበት?»

የጻፍኩትን ነገርኩት።

ፋይሉን ወዲያው ከድረ ገጹ አነሳው። ማን በቀጥታ እንደከፈተው ፈተሸ። ሦስት ጊዜ። አንዱ የእኔ፣ የዛሬው። አንዱ እየዞረ ሁሉን የሚቀዳው የኢንተርኔት መፈለጊያው ማሽን። ሦስተኛውስ?

«ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም» አለ።

ስሟን መፈለጊያው ላይ ጻፍኩ። አንደኛ ላይ መጣች። እኛ ጋ ቢጠፋም እዚያ ቅጂው ቀርቷል፣ እስኪጠፋ ቀናት ይፈጃል አለኝ። ስንት ቀን? አያውቅም።

ስሟን እዚህ ደብተር ላይም አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 17

ልነግራት ደወልኩ። ባሏ አነሳው! በዚህ ሰዓት ቤት ምን ያደርጋል? ደንግጬ «የልጅዎ አስተማሪ ነኝ» አልኩ።



«አስተማሪዋን አውቃታለሁ» አለ ረጋ ብሎ። «ድምፅሽ የሷ አይደለም።»

ዘጋሁት። ምን ነካኝ? ለእሳቱ ቤንዚን ጨመርኩለት!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18

ላንቻ ሄድኩ። ልብስ የምትሰፋበትን ሱቅ በደብዳቤዋ ነግራኝ ነበር። ቀጭን፣ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች ሴት። ስሜን ስነግራት ተነስታ አቀፈችኝ። ይሄ ባሰብኝ። ቆሜ ነገርኳት።

«ስሜ ብቻ ነው?»

«ስልክሽም። ቀኑም።»

መቀሱን አስቀመጠች። «ቀኑን ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

«እንዳልረሳው ብዬ…»

«እኔ አልረሳው ነበር።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ትናንት የደወልኩት እኔ መሆኔን ስነግራት ራሷን ያዘች። «አስተማሪ ሆና የምትደውልልሽ ማናት እያለ ሲጠይቀኝ ነው ያመሸው።»

«ኢንተርኔቱን የሚያይ ይመስልሻል?»

«ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ ነው የሚውለው። የሰው ስም እየጻፈ መፈለግ ይወዳል። የአለቃውን፣ የጎረቤቱን… የእኔንማ እንዴት ይተዋል?»

«እንግዲያው ነገ ሂጂ።»

«ፈተናውስ? ስድስት ሳምንት ነው የቀራት። ሌት ተቀን እያጠናች ነው፣ እትዬ።»

 በየሳምንቱ ለሰው ሁሉ መልስ የምሰጠው ሴትዮ የሞባይል ቁጥሬን ብቻ ጽፌላት ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 19

ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ሄደች። ከሱቁ ስልክ ደወለችልኝ። አንድ ቃል ብቻ፣ «ወጣን።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 25

መጣ።

ከብርድ ልብስ አልተሻለም ያ ቢሯችን የተከፈለበት የኮምፔርሳቶ ግድግዳ፤ ሁሉ ነገር ይሰማል። እኔ ከወዲህ፣ የላንቻዋ ሴት ባል ከወዲያ፣ ጋሽ መብራህቱ ጠረጴዛ ፊት። በቀዳዳ አየሁት። ክራባት ያሰረ፣ ጨዋ ሰው። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋው። የእኔ ፋይል ነው፣ መፈለጊያው ላይ የቀረው ቅጂ። ከነምልክቶቹ ፕሪንት ተደርጓል።

«ባለቤቴ ናት፣ ጋሼ። ያነበብኩት ሰኞ ነው፣ ቤት ባዶ ከሆነ በኋላ። ይሄን የጻፈችውን ሴት አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃት ነው።»

«ለቃለች» አለ ጋሽ መብራህቱ። ከእኔ ምንም አልሰማም፤ ወረቀቱን አይቶ ገባው።

«ግድ የለም። በስልክ አናግራኛለች፣ ድምጿን አውቀዋለሁ።»

በዚህ መሃል ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አላነሳሁትም። ጮኸ… ጮኸ… ሳል መጣብኝ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ሰውዬው ወደ ኮምፔርሳቶው ዞሮ ቆመ። ጫማው በሥር በኩል ይታየኛል። ስልኩ ሲያቆም ደረጃውን ወረደ።

ጋሽ መብራህቱ መጥቶ ወረቀቱን እፊቴ አስቀመጠ። ሁሉን ነገርኩት። «ሰኞ ያነበበው ከሄዱ በኋላ ነው። ዓርብ ባትሄድ ኖሮ ግን…» ብሎ አልጨረሰውም።

ረቡዕ፣ መስከረም 22 ቀን 2000

ዓምዱን አልለቀቅሁም። ድረ ገጹ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው የሚለጥፈው። ደብዳቤ ሲመጣ የስሙን ቦታ ሳላነብ ቀድጄ እጥላለሁ፤ ሲደውሉ «ማን ልበል?» ማለት ለምጃለሁ። ቢሮ ስልክ አላነሳም። ክራባት ያሰረ ሰው ሳይ እስካሁን መንገድ እሻገራለሁ።

ዛሬ ሞባይሌ ላይ ደወለች። ደህና ነን አለች። የት እንዳሉ ልትነግረኝ ስትል «ተይ፣ አትንገሪኝ!» አልኳት። እኔ! የሰው ወሬ ካላወቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ!

ልጇን አገናኘችኝ።

«ትምህርት ጀመርሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

«አዎ፣ ስምንተኛ ነኝ። እንደገና።»



«እዚህ ማንም አያውቀኝም። ስሜን ሲጠይቁኝም ሌላ ነው የምነግራቸው፣ እማዬ ናት ያወጣችልኝ… እርስዎ ጋ ደብዳቤ ብጽፍ ይመልሱልኛል?»

«እንዴታ! ጻፊልኝ። ስምሽን ብቻ እንዳትጽፊ።»

«የትኛውን?» አለችኝ።