ደማቸው መለኪያችን ስለነበረው ባልደረባችን ሞት

የላቦራቶሪው ሠራተኞች ማኅበር፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት አብረውን የሠሩት ከፍተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሁላችንም «እትዬ ሚዛን» የምንላቸው ባልደረባችን፣ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ሚያዝያ 9 ቀን በሳንባ ምች ማረፋቸውን ለአባላቱና ለሕዝቡ የሚገልጸው ልቡ ተሰብሮ ነው። የተቋሙ አስተዳደር ትናንት ባወጣው መግለጫ «በድንገተኛ ሕመም» ብሏል። ድንገተኛ አልነበረም። ማኅበራችን የራሱን መግለጫ ለብቻው ያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባልደረባችን የነጭ የደም ሕዋሳት ክፍልን ያቋቋሙት ከአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ ማይክሮስኮፕና በሩ በገመድ ከሚታሰር ማቀዝቀዣ ተነሥተው ነው። ሥራቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ደም የሚለቋቸውን ፕሮቲኖች መለካት ነበር። ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ጀርም ላይ ተጣብቀው ለሌሎች ተከላካዮች የሚጠቁሙ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ ሌሎቹ ጎረቤት ሕዋሳትን ያስጠነቅቃሉ። ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ «ነጭ ደም ዝም ብሎ አይዋጋም፣ ያየውን ይናገራል» እያሉ ያስረዱ ነበር። ሲያስረዱ ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ስለሚያወናጭፉ አጠገባቸው የቆመ ሁሉ ወደ ኋላ ይል ነበር።

በአገልግሎታቸው አራተኛ ዓመት፣ ማሽኑ በትክክል መለካቱን የምናረጋግጥበት፣ ከውጭ የሚገዛው መለኪያ ፈሳሽ ሲዘገይ፣ «የኔን ደም ውሰዱ፤ እኔን እንደሆነ ጉንፋን እንኳ አይደፍረኝም» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ጠዋት ከእርሳቸው የሚቀዳው ደም የጤነኛ ሰው መነሻ ሆኖ አገለገለ፤ የታካሚዎች ውጤት ሁሉ ከእርሱ ጋር ይነጻጸር ነበር። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚህ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ሳንባ ምች የሚመላለስባቸው ሕፃናት ፀረ እንግዳ አካል በበቂ የማያመርቱ መሆናቸውን የሚለይ ምርመራ አስጀመሩ። የጎደላቸው ፕሮቲን በየወሩ በደም ሥራቸው እየተሰጣቸው አድገው ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ብዙ ናቸው።

ባለፈው ኅዳር ከደማቸው የሚገኘው የመነሻ ቁጥር መውረድ ጀመረ። እኛም እንደ ልማዳችን ቁጥሩ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ማሽኑን አስተካከልነው። በታኅሣሥ እንደገና ወረደ፤ እንደገና አስተካከልነው። «ይሄ ማሽን ጃጅቷል» ብለን ሳቅን፤ እርሳቸውም እያሳሉ አብረውን ሳቁ። የእትዬ ሚዛን ደም አንዳች ሊጎድለው ይችላል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም፤ እርሳቸውም አላሰቡትም። ማሽኑን እየጠመዘዝን ሕመማቸውን የሸፈንነው እኛ ነን፤ አንክድም።

ጥር 20 ቀን ግን የጥገና ባለሙያው ማሽኑን በተገዛ መለኪያ ፈሳሽ ፈትሾ ለክፍሉ ኃላፊ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ማሽኑ ምንም አልሆነም። ደሙን የምትሰጠዋን ሠራተኛ በአስቸኳይ ሐኪም ይያት።» ኃላፊው ፈርመው ተቀበሉ። ለሌላ ሰው ቢናገሩ፣ ከኅዳር ወዲህ በዚሁ መነሻ የተለካው የኃላፊው የራሳቸው ጥናት ውጤት እንደገና ሊሠራ ነው፤ ጥናቱ ደግሞ በሚያዝያ መቅረብ ነበረበት። ስለዚህ ደብዳቤው በማሽኑ ፋይል ውስጥ ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል እስኪገቡ ድረስ ዘጠኝ ሰኞ ባልደረባችን ክንዳቸውን ዘረጉ። የጎደላቸው ያው ፀረ እንግዳ አካል ነበርና፣ በእርሳቸው ምርመራ ለተለዩት ሕፃናት የሚሰጠው ሕክምና እርሳቸውንም ያድን እንደነበር ሐኪሞቻቸው ነግረውናል፤ በቂ ጊዜም ነበር። ኃላፊው ግን በኮሪደር ሲያገኟቸው «ሳሉ እንዴት ሆነልሽ፣ እህቴ?» እያሉ ያልፉ ነበር። እኚህ ኃላፊ አዲስ ተቀጣሪ ሳሉ ሥራውን ያስተማሯቸው እትዬ ሚዛን ናቸው። እኛም አሥራ ስድስት ዓመት አምነናቸዋል። ተከድተናል፤ ለዚህ የሚለዝብ የጽሕፈት ቤት ቃል ፈልገን አላገኘንም።

ደብዳቤውን ያገኘነው ለዚህ መግለጫ በአገልግሎት ዘመናቸው የሠሩትን ከክፍሉ ፋይሎች ስናጣራ ነው። ኃላፊው «አሁን ሀዘን ላይ ነን፣ በኋላ በእርጋታ እንነጋገርበት» ብለውናል። ማኅበሩ ይህን አልተቀበለም፤ ጉዳዩ እንዲመረመር በጽሑፍ ጠይቋል።

ዛሬ ጠዋት የደብዳቤውን ግልባጭ ለታላቅ እህታቸው አደረስን። በራፍ ላይ እንደቆሙ አንብበው ጨረሱና «ሰኞ ሰኞ ደሟን የሚቀዳው ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁን። ተራ በተራ ሁላችንም እንደነበርን ነገርናቸው።

ለእህታቸው፣ ለአንድያ ልጃቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለራሳችን አንጠይቅም።

የላቦራቶሪው ሠራተኞች ማኅበር