ማስቲሹ ሲወፍር

ሰኞ

ሌባ አለኝ! በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ለሆስፒታል ከሠራናቸው የነርስ ጫማዎች ሦስት ጥንድ ሶላቸው ተላቆ ተመለሰ፤ ካፖው፣ ይሄ አለቃችን ተኽለ፣ መዓቱን በእኔ ላይ አወረደው። «አንቺ ሴትዮ፣ እያሳሳሽ የምታተርፊውን ማስቲሽ ወዴት ነው የምትወስጂው?» እኔ በስሱ ነው የምቀባው፤ ስምንት ዓመት እንዲሁ ነው የቀባሁት። «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ጠብታ አልወሰድኩም!» ብል ባሰበት። «እዚህ አገር በእሳቸው ስም አትማይብን» አለኝ። እኔ እንኳ ከጎንደር ይዤው የመጣሁት አፍ ነው፤ ክፉ አስቤ አይደለም።

ትእዛዝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም አወፍሮ፣ ሁለት ጊዜ ይቀባ።

ማክሰኞ

እንዳለው አወፈርኩት። እንደ ማር ይጎተታል። ላይ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ነው፤ ሶሉን ስጫነው ይንሸራተታል። ተናገርኩ፤ መቼ አስችሎኝ! «ጎንደር በባዶ እግርሽ ኖረሽ፣ ጫማ ልታስተምሪን?» አለ። ሳቁብኝ። «እግሬን ተወውና ሶሉን እይ» አልኩት።

ጠረጴዛ የምትጋራኝ ለተብርሃን በክርኗ ጎሸመችኝ፤ «ስቕ በሊ ሓፍተይ፣ ዝም በይ፣ ያባርርሻል።» እውነቷን ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ይቺ ወንበር ናት። ግን እልህ ያዘኝ።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ከቁርጥራጭ ቆዳ ሦስት ጥንድ አጣበቅሁ። አንዱን እንደ እኔ በስሱ። አንዱን ካፖው እንዳዘዘው በወፍራሙ። አንዱን መሃከለኛ፣ ቆዳው እስኪሸፈን ብቻ። የእንጨት ፎርማ፣ የጫማ ቅርጽ ማውጫውን፣ ጫንኩባቸው። ለተብርሃን «አብደሻል» ትላለች፤ ግን ፎርማውን አቀበለችኝ።

ሐሙስ

ወፍራሙ በሁለት ጣት ተላቀቀ። ማስቲሹ ራሱ መሃሉ ላይ ተቀዶ ግማሹ በዚህኛው ቆዳ፣ ግማሹ በዚያኛው ቀርቷል። ደስ አለኝ! ከዚያ የእኔን ስስ ሳብኩ። ትንሽ ታገለኝ እንጂ እሱም ተላቀቀ። በቅርቡ የገባልን አዲሱ ቆዳ ሻካራ ነው፤ ማስቲሹን ጠጥቶታል። የድሮው ለስላሳ ነበር፣ ስስ ይበቃው ነበር፤ ቆዳው ሲለወጥ እኔ እጄን አልለወጥኩም። መሃከለኛውን ከለተብርሃን ጋር ለሁለት ጎትተን አቃተን።

የተመለሱትን ጫማዎችም ገለጥኳቸው። እያንዳንዳችን ከውስጥ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። ሁለቱ የሌላ ጠረጴዛ፣ ከትእዛዙ በፊትም ማስቲሹ የተከመረባቸው። ሦስተኛው ላይ የእኔ ትንሽ መስቀል አለች። በአውራ ጣቴ ላጠፋት ቃጣኝ። ተውኳት።

ዓርብ

ካፖው ቁርጥራጮቼን ወለሉ ላይ በተናቸው። «ነገ እንዳትመጪ!» ጩኸታችንን ሰምቶ ፓድሮኑ፣ ጣሊያኑ ባለቤት፣ ከቢሮው ወጣ። ለቃቅሜ አንድ ባንድ አሳየሁት። መስቀሏንም አሳየሁት፤ «ይቺኛዋ የእኔ ጥፋት ናት» አልኩ።

«ሰማችሁ! በገዛ አፏ!» ካፖው አጨበጨበ።

ፓድሮኑ መሃከለኛውን ሳበ፤ እምቢ አለው። ለካፖው ሰጠው። ተኽለ ጥርሱን ነክሶ ሳበ፣ ፊቱ ቀላ፣ ቆዳው ተቀደደ እንጂ ማስቲሹ አልለቀቀም። «ሁሉም እንደዚህ» ብሎ ፓድሮኑ ተመልሶ ገባ። እኔ ነገ ልምጣ ልቅር ግን አልወሰነም።

ቅዳሜ

ሄድኩ። እንዳትመጪ ብሎኝ ሳለ ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ካፖው ሰላም አላለኝም። የቀባሁትን ጫማ አንስቶ አጠፈው፣ መልሶ አጠፈው፣ ወርውሮልኝ ሄደ። «ዛሬስ ሳይቀድደው ቀረ» ብላ ለተብርሃን በሳቅ ሞተች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ሰኞ እንድመጣ ማንም አልነገረኝ፤ እንዳልመጣም ማንም አልነገረኝ። ካፖው ከበር ቢመልሰኝ እንዳይቀርብኝ፣ ሽርጤን ግን ከመስቀያው አውርጄ ቤት ይዤው መጣሁ። ሰውየው ቂመኛ ነው።