ለጉልበቱ የምንጸልየው ጸሎት

እሑድ፣ ጁላይ 24 ቀን 2005፣ ክላርክስተን

ከቸርች መልስ ከልጄ ከዳዊት ጋር በቴሌቪዥን ቤዝቦል አየን። ያ ብዙ ሚሊዮን የሚከፈለው ሽማግሌ ተጫዋች ዛሬም ኳሷን በዱላው ሳይነካት ተመለሰ፤ ስታዲየሙ በሙሉ ጮኸበት።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ አልቆለታል። ለምን ሪታየር አያደርግም?» አለ ዳዊት።

ባለቤቴ ትወደው ነበር። ካንሰሩ አልጋ ላይ ጥሏት እንኳ ከራሷ አስቀድማ ለእሱ የተጎዳ ጉልበት ትጸልይ ነበር። ካረፈች ወዲህ ጸሎቷን እኔ ቀጠልኩ። ይህን ለዳዊት ብነግረው፣ «አባዬ፣ ጌታ ራሱ ሳይሰለቸው አይቀርም!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ምሳውን ልባርክ ዓይኔን ስጨፍን፣ በባለቤቴ ባዶ ወንበር በኩል «ተውከው እንዴ?» ስትለኝ ሰማኋት። ድምፅዋ ራሱ ነው።

አልተውኩትም። ግን ፈራሁ። ሰውዬው መጫወት ካቆመ፣ እኔና እሷ አብረን የምንጸልይበት ነገር አይኖረንም።