ቀሪው በሦስት ቀን ውስጥ ይከፈላል

ለእህት ዓለሜ ለዘመናይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ነሽልኝ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? አሠሪሽስ የዓርብ እረፍትሽን መስጠት ጀመረች ወይስ እንደ ልማዷ እንግዳ መጣብን እያለች ታስቀርሻለች? ምግብ ትበያለሽ? እንቅልፍ ትተኛለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የእማዬ ግፊት ወረድ ብሎላታል፤ መድኃኒቷንም ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ብርዱ ዘንድሮ አሰላ ላይ ጨክኗል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ሙቢና ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ እሁድ ወደ ኩዌት ትመለሳለች። ስትደውዪ ሥራ እንዴት ነው ስትይኝ፣ ደህና ነው እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። ደህና አልነበረም እታለም። በስልክ ብጀምረው መሃል ላይ አፍሬ አሳምሬ እንደምጨርሰው ስለማውቅ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አምና የሆንኩትን ታስታውሻለሽ። ሦስት ኮምባይነር ጠግኜ፣ አጨዳው ይለቅና እንሰጥሃለን ብለውኝ፣ አንዱ ግማሹን ሰጠኝ፤ ሁለቱ እስከዛሬ ስልኬን አያነሱም። ያኔ ተቆጥተሽ፣ «ደሞዝ የለህ፣ ጋራዥ የለህ፤ በራስህ የምትሠራ ሰው ውልህን በጽሑፍ ካላደረግህ ማን ያስከብርልሃል?» አልሽኝ። በላክሽልኝ ብር ስሜና ስልኬ ያለበት የሂሳብ መጠየቂያ ጥራዝ አሳተምኩ። ቀኑን ለመወሰን ግን ተቸገርኩ። ወር ብል አጨዳው ያልቃል፣ ሰውየውም ይጠፋል። ሙሉውን በቅድሚያ ብል ማንም አይጠራኝም። በመጨረሻ ከግርጌው እንዲህ አስጻፍኩ፤ ግማሹ ሞተሩ ሳይከፈት፣ ቀሪው ማሽኑ በተነሳ በሦስት ቀን ውስጥ ይከፈላል፤ ካልተከፈለ የገጠምኩትን ዕቃ ፈትቼ እወስዳለሁ።

ኅዳር መግቢያ ላይ የአባባ ወዳጅ ጋሽ ሣህሌ ደወሉ። ኮምባይነራቸው ሮቤ አካባቢ እርሻ መሃል ቆማባቸው ነበር። ሄጄ ሳያት የናፍጣ ፓምፗ አልቆለታል። ሥራውና ዕቃው ዘጠና ሺህ ብር መጣ። ወረቀቱን ስሰጣቸው ሳቁና፣ «አንተ ልጅ፣ ክርስትናህን በልቼ ከእኔም ጋር በወረቀት ነው?» አሉ። ግን ፈረሙ፤ ግማሹንም ሰጡኝ። ፓምፑን ከመለዋወጫ ሻጭ ግማሹን ከፍዬ ግማሹን በዱቤ ወስጄ ገጠምኩላቸው። ማሽኗ በማግስቱ ተነሳች።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩ፤ ሠርታ ትከፍልሃለች አሉኝ። በሳምንቱ ደወልኩ፤ ገበሬው ገና አልሰጠኝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንሳት ተዉ። ዕቃ ሻጩ ግን በየማለዳው ደጃችን እየመጣ በእማዬ ፊት ሌባ ይለኝ ጀመር። ማሽኗ ቀኑን ሙሉ ስታጭድ እንደምትውል ደግሞ ከሮቤ የሚመጡ ሾፌሮች ይነግሩኛል። 

በአሥራ አምስተኛው ቀን የመፍቻ ቦርሳዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ስደርስ ማሽኗ ከአንድ ማሳ ዳር ቆማለች፤ ሾፌሩ ምሳ ሄዷል። ጋሽ ሣህሌን ደወልኩላቸው፤ አላነሱም። ሞተሩን ከፍቼ መፍታት ጀመርኩ። አንዲት ሴት ከማሳው ውስጥ እየሮጠች መጣች። ሀሊሜ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ናት። ለጋሽ ሣህሌ ቀብድ ሰጥታ ዘጠኝ ቀን ተራ ስትጠብቅ ቆይታለች፤ ከምሳ በኋላ ማሽኗ የምትገባው የእሷ ስንዴ ላይ ነበር። በኦሮምኛ ወንድሜ ብላ፣ ዛሬን ብቻ እንድታገሳት ለመነችኝ። እኔም ጉዳዬ ከባለቤቱ ጋር ነው፤ ከከፈሉ ነገውኑ መልሼ እገጥመዋለሁ አልኳት። ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር፤ እሱንም አሳየኋት።

ወረቀቱን አውጥቼ እንደተፈረመ ነገርኳት። አንብብልኝ አለች። ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ስጨርስ፣ «የኔ ስም የቱ ላይ ነው?» አለችኝ። የለሽበትም አልኳት። «እንግዲያው እኔን ለምን ትቀጣኛለህ?» አለች። መፍታቱን ጨረስኩ። ፓምፑን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። በዚያ ወቅት ይዘንባል ብሎ የገመተ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ጠብታው ሲጀምር፣ የጋሽ ሣህሌ አርባ አምስት ሺህ ብር በስልኬ ገባ። ብሩ እጃቸው ላይ ነበር ማለት ነው። እኔም ዕዳዬን ከፍዬ፣ ዝናቡ ባባራ ጊዜ ሄጄ ፓምፑን ገጠምኩ። ማሽኗ ግን ጭቃው እስኪደርቅ ሌላ ስምንት ቀን ቆመች። ገብታ ስታጭደው የሀሊሜ ስንዴ ተኝቶ ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል። ነጋዴው ለከብት መኖ ካልሆነ አልወስድም አለ። የዓመት ቀለቧም የዘር እህሏም እሱ ነበር።

አሥር ሺህ ብር ይዤ ቤቷ ሄድኩ። አልተሳደበችም፤ አላለቀሰችም። ተቀብላ ቆጠረችና፣ ይህ የዘሩን ግማሽ እንኳን እንደማይሸፍን ነግራኝ ወደ ውስጥ ገባች። እስክትመለስ ቆሜ ጠበቅኩ። አልተመለሰችም። ጋሽ ሣህሌ በበኩላቸው፣ ማሽኔን ያስቆመው ወንደሰን ነው እያሉ በየሄዱበት ስሜን ያነሳሉ። እውነታቸውን ነው። ሦስት ቀን ያሉትን አሥራ አምስት ቀን እንዳደረጉት ግን ማንም አይጠይቃቸውም። የእኔን እጅ ሁሉም አይቷል፤ የእሳቸውን ኪስ ያየ የለም።

በራስሽ እንዳትፈርጂ እታለም። አንቺ ጻፍ አልሽኝ እንጂ ፍታ አላልሽኝም። ዕቃ ሻጩ ሌላ ሁለት ቀን ቢሰድበኝ አልሞትም ነበር። እስኪያጭዱላት ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ምን ነበረበት? ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንቺም አትንገሪያት።

አሁን ገንዘቤን የሚያስቀርብኝ የለም። ባለፈው ሳምንት እዚያው ሮቤ አንድ ኮምባይነር ጠግኜ ነበር። ባለቤቱ ቦርሳዬን ሳልከፍት ሙሉውን ቆጥሮ ሰጠኝ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ ስሠራ ዋልኩ፤ በአጠገቤ ብዙ ሰው አለፈ፤ ውሃ ጠጣ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ድሮ ወተት ነበር የሚያመጡልኝ።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ስማሻለች፤ ለራስሽ ሳትገዢ አትላኪ ብላሻለች። ታናሻችን ናዝሬት ለፈተናዋ ሌት ተቀን ታጠናለች፤ እህቴን ሳሙልኝ ብላለች። አክስታችን ተሻለች ከጢቾ መጥታ ሰንብታለች፤ በጸሎቷ አልረሳችሽም። አብራሽ ለምታድረው ለማሚቱም ሰላምታዬ ይድረሳት። ሰውነትሽን ጠብቂልኝ፤ ጤናሽን ያብዛልኝ።

ወንድምሽ ወንደሰን

አሰላ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.