የቢሮሽ በር ታፔላ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤ የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ አይንካሽ።

እኛ ደህና ነን። የኩሽናው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ አባትሽ «ነገ» እንዳለ ነው። ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነዋ! «ልጄ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት» ብሎ ለቢሮሽ በር ታፔላ እየሠራ ነው። ሠላሳ ዓመት ታፔላ ሲጽፍ አንድ ፊደል ያልሳተ ሰው፣ ስምሽ ላይ ሲደርስ ሁለቴ አበላሽቶ እንደገና ጀመረ።

እህትሽ ግን ሁሉን ነግራኛለች። ቢሮ የለሽም፤ ተማሪ የምታናግሪው ኮሪደር ላይ ቆመሽ ነው። ውልሽ የመንፈቅ ነው፤ ካላደሱልሽ ደህና ሁኚ እንኳ የሚልሽ የለም። ክፍል ስትገቢ ደስታሽ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተማሪዎችሽም እንደሚወዱሽ ሰምቻለሁ። ታዲያ ለምን ደበቅሽን? እኔንም በስተርጅና ውሸት አስለመድሽኝ፤ አባትሽ ለታፔላው ቀለም ሲያማርጥ «ሰማያዊው ያምራል» እላለሁ።

ታፔላውን ሊልክልሽ ሰኞ ፖስታ ቤት ሊወስደው ነው። እባክሽ ከዚያ በፊት ደውዪና እውነቱን ራስሽ ንገሪው፤ ከእኔ አፍ አይስማው። ስምሽን የሚሸከም በር አምላክ ይስጥሽ። አባትሽ ለብሎን አራት ቀዳዳ በስቶለታል፤ «ማንም እንዳይነቅለው» እያለ።

እናትሽ