ባጃጅህና ማማሰያዬ

ልጄ ያሲን፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እጄ እስክሪብቶ ከያዘ ቆይቷልና ጽሑፌ ቢጣመም አትሳቅብኝ። ዛሬ የምነግርህ የምሥራች አለኝ፤ ባጃጅህ ተነሣች!

ከቤት ልጀምርልህ። የተከልካት የኒም ዛፍ አድጋ ጥላዋ በሩ ድረስ ደርሷል። እህትህ ዘይነብ መንጃ ፈቃድ አወጣች። አዎ፣ ያቺ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ዓይኗን ትጨፍን የነበረችው ዘይነብ! ከቀወት ገበሬዎች ማሾ ወደ ገበያ ላመላልስባት ብላ ባጃጅህን ጠየቀችኝ። አንተ ካቆምካት ወዲህ ማንም ነክቷት ስለማያውቅ ጨነቀኝ። ኋላ ግን ቆማ ከምትዝግ ብዬ ፈቀድኩ።

ባጃጅህ ግን እንቢ አለች። ባትሪዋ ሞቷል። ገፍተን እናስነሣታለን ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ የድሮዎቹ በግፊ ይነሡ የለ? እኔም ሻሼን አጥብቄ ገፋሁ። አስፋልቱ ድረስ ሄድን፣ ተመለስን፣ ደገምን። በዚያ ሙቀት ላብ በላብ ሆንን፤ እሷ ዝም። ያኔ ትዝ አልከኝ። ደንበኞችህ ልትጠግንላቸው እንዲህ እየገፉ ሲመጡ፣ ኢንጀክሽን ያላት፣ ቤንዚን በኤሌክትሪክ የሚረጭላት፣ በልመና አትነሣም፣ መጀመሪያ ባትሪዋን አብሏት እያልክ ትስቅባቸው ነበር። ምነው ከመግፋቴ በፊት ባስታወስኩት!

ባትሪውን ቻርጅ አስደረግን፣ ያረጀውን ቤንዚን አውጥተን አዲስ ጨመርን። አሁንም እንቢ። መካኒኩ ጋሼ ተፈራ መጥተው አዩና፣ ይሄ ነገር ለቆላ አቧራ አይሆንም፣ ኢንጀክሽኑን ላውልቅና የድሮውን ዓይነት ካርቡሬተር ልግጠምላችሁ አሉ። ዘይነብ እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። ያንን ኢንጀክሽን በጥርስ ብሩሽ ስታጸዳው፣ ቤንዚኑን በጨርቅ አጥልለህ ስትጨምርለት ያየሁ እኔ ነኝ። እሱ ተነቅሎ ከተጣለ እጅህ ያረፈበት ምን ይቀረኛል? እስከ ነገ ይታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን እዚያው አስቀምጠህ፣ እማ፣ ቁልፉን ክፈቺ፣ አታስነሺ፣ መጀመሪያ ስሚ ብለኸኝ ነበር። ቤንዚን የሚገፋው ፓምፕ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝዝዝ ብሎ ዝም ካለ ደህና ነው፤ ካልጮኸ ሞተሩን በከንቱ አታድክሚው ብለህ ነበር። ከፈትኩና ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም የለም።

ማማሰያዬ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል መጥቶልህ፣ ፓምፑ ተጣብቋል ብለህ በገንፎ ማማሰያዬ ታንኩን ስትመታ የያዝኩህ ቀን! እንዴት ተቆጥቼህ ነበር። በሳሙና ባጥባት ባጥባት የቤንዚኑ ሽታ አልለቅ ስላለኝ ከበሩ ጀርባ ጥያት ነበር። አመጣኋት። ዘይነብ ቁልፉን ከፈተች፣ እኔ ታንኩን ከሥሩ ኳ ኳ አደረግሁት። ጋሼ ተፈራ ደርሰው ኖሮ፣ እትዬ ፋጡማ፣ ዛሬ ከባጃጁ ገንፎ ሊያበሉን ነው? ብለው ሳቁብኝ። አሁንም መታሁ። በሦስተኛው ዝዝዝ አለ!

ጆሮዬን አላመንኩም። ዝጊና ድገሚው አልኳት፤ ደገመ። ስታስነሣት ትንሽ አሳላትና ቀጥ ብላ ሠራች፤ የሞተር ችግር የምትጠቁመው ቢጫ መብራትም ጠፋች። ዘይነብ እየሳቀች ታለቅሳለች። ጋሼ ተፈራ፣ ማማሰያዋን ለጋራዡ ይስጡኝ አሉ። አልሰጥም አልኩ! መምታት ለጊዜው እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ ነግረኸኝ ነበርና፣ እሳቸው ፓምፑን አውጥተው አጸዱልን። ኢንጀክሽንህ ግን ቦታው ላይ ነው።

አሁን ዘይነብ ማሾዋን ታመላልሳለች። ቤንዚኑ ከሩብ በታች እንዲወርድ አልፈቅድላትም። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ነው ስላት፣ እማ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ ትለኛለች። የማን እናት ሆኜ!

ቃል ልግባልህ ልጄ። በየጠዋቱ ዘይነብ ቁልፉን ስትከፍት ፓምፑ ጮኾ እስኪጨርስ እጇን እይዛለሁ። በእነዚያ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ስምህን ጠርቼ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ዝም ሲል፣ በይ አስነሺ እላታለሁ።

እናትህ ፋጡማ